ጠንከር ያለ ኪኒን አልመርጥልሽም

«አሰላሙ አለይኩም። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የ2 ልጆች እናት ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፤ የምሠራው ግን ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ነው። ራስ ምታቱ የጀመረኝ ኮሌጅ እያለሁ ነው። ያኔ በወር አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነበር። ግራ ጎኔን ብቻ ይዞ ትር ትር እያለ ይፈልጠኛል። ያጥወለውለኛል። ብርሃን ማየት አልችልም፤ የልጆቹ ድምፅ እንኳ ይከብደኛል። ጨለማ ክፍል ገብቼ ሻሼን ጠፍንጌ አስሬ ከተኛሁ በማግስቱ ይለቀኝ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የሚያመኝን ቀን ከመቁጠር የማያመኝን መቁጠር ይቀላል። ቦርሳዬ ውስጥ ኪኒን ካላየሁ ከቤት አልወጣም። ጠዋት ፓራሲታሞል፣ አልሆን ሲል ኢቡፕሮፌን፣ ሲብስ ደግሞ ባልደረባዬ የምትሰጠኝ ‹የማይግሬን ኪኒን›። አማቴ ምች ነው ብላ በዳማ ከሴ ታሸኛለች። ጎረቤቴ ሳይነስ ነው ትላለች። ባለቤቴ በአፉ ባይለውም ሰበብ የምፈልግ ይመስለዋል። የትኛውን ጠንከር ያለ ኪኒን ልግዛ? ሲቲ ስካን ልነሳ ወይ? ረመዳንንስ እንዴት ልጹም? ደግሞ ሻሽ ማሰር ደም ያግዳል ይሉኛል፤ እውነት ነው? ሻሽ አሳሪዋ፣ ከደሴ።»

ወአለይኩሙ ሰላም እህቴ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ እርሳስ ይዤ አንድ ቦታ አሰመርኩ። ራስ ምታቱ ላይ መስሎሽ ይሆናል። ያሰመርኩት ቦርሳሽ ላይ ነው። እሱ ጋ እደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ስለ በሽታው።

በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም። ቢሆንም የጻፍሽው ሁሉ ማይግሬን ማይግሬን ይላል። ሐኪሞች ማይግሬን ነው ለማለት የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ ቢያንስ 5 ጊዜ ተመላልሷል ወይ? ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል ወይ? በአንድ ጎን ነው? እንደ ልብ ምት ትር ትር ይላል? ደረጃ ስትወጪ ይብሳል? ማጥወልወል አለ? ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል? ሁሉም ባይሟላ እንኳ አብዛኛው አለሽ። የደም ምርመራም ሆነ ፎቶ «ማይግሬን» የሚል ውጤት አይሰጥም። በሽታው የሚታወቀው ታማሚው በሚናገረው ነው። ለዚህም ነው ሰው ለማመን የሚቸገረው።

አእምሮ ራሱ ህመም አይሰማውም። የሚያመው በዙሪያው ያለው ሽፋንና እዚያ ያሉት የደም ሥሮች ናቸው። ማይግሬን ያለበት ሰው አእምሮ በተፈጥሮው ለለውጥ ስሱ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በዘር ይወረሳል። እናትሽ ወይ አክስትሽ «ግማሽ ራሴን» እያሉ ይተኙ ከነበረ አትገረሚ። ሲነሳ ከፊትና ከራስ ስሜት የሚያመጣው ነርቭ ኬሚካል ይለቃል፤ የደም ሥሮቹ ዙሪያ ይቆጣል፤ ህመሙ በየምቱ ይሰማል። ሴቶችን ከወንዶች 3 እጥፍ ያህል ይይዛል፤ የወር አበባ ሊመጣ ሲል ሆርሞን ሲወርድ መነሳቱ የተለመደ ነው። በዓለም ላይ ከ7 ሰው አንዱ ገደማ አለበት። ይህችን ቁጥር ለባለቤትሽ አንብቢለት። ሰበብ ፈላጊ ቢሆን ይህን ሁሉ ሰው ማን አስተባበረው በይው።

አማትሽም ጎረቤትሽም ግን ዝም ብለው አልተናገሩም። ማይግሬን ከመነሳቱ ከሰዓታት በፊት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በፊት፣ ማዛጋት፣ ድካም፣ የአንገት መገተር፣ ጣፋጭ ማማር ይመጣል። ፀሐይ ላይ የዋለች ሴት አንገቷ ተገትሮ ራሷን ሲፈልጣት «ምች መታት» ቢባል ምን ይገርማል? ሳይነስም እንደዚሁ። ማይግሬን ዓይን ያስለቅሳል፤ አፍንጫ ይዘጋል። እውነተኛው የሳይነስ ኢንፌክሽን ግን ወፍራም፣ ቀለም ያለው ንፍጥና ብዙ ጊዜ ትኩሳት ይዞ ይመጣል፤ በየወሩ እየመጣ በማግስቱ አይሄድም። በ«ሳይነስ» ስም አንቲባዮቲክ ሲውጡ የከረሙ ስንቶቹን አይቻለሁ መሰለሽ። የአማትሽን እጅ ግን አትመልሺ። መታሸቱ ዘና ካደረገሽ ጥሩ ነው። የዳማ ከሴው ጠረን የሚያብስብሽ ከሆነ ብቻ «እማ፣ ዛሬ ያለ ቅጠል እሺኝ» በያት።

አሁን ወደ ቦርሳሽ።

ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ጀርባዋን ለበሩ ብርሃን ሰጥታ ትቆማለች። አታወራም። ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ እኔም አንድ ስትሪፕ እሰጣታለሁ። ስታስቀምጥ እጇን እንጂ ፊቷን አላስታውስም። መጀመሪያ በወር አንዴ ነበር፤ ኋላ በሳምንት፤ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ፣ ሦስቴ። አንድም ቀን «በወር ስንት ቀን ትውጫለሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ኪኒኑ እየያዛት እንደሆነ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሸጬ ዝም አልኩ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይግሬን ያለበት ሰው የህመም ማስታገሻ ከልክ በላይ ከደጋገመ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ኪኒኑ ሲያልቅ ራሱ ይነሳል፤ ሲነሳ ይውጣል፤ ሲያልቅ ደግሞ ይነሳል። ልኩ ይታወቃል፦ ፓራሲታሞልን ወይም እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ የማይግሬን ኪኒኖችን፣ ኮዴይንና ትራማዶልን፣ ወይም ብዙ ነገር የተቀየጠባቸውን ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ይህም ከ3 ወር ካለፈ። የተለያየ ዓይነት እያቀያየርሽ ከዋጥሽ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ይደመራል። ልብ በይ፣ የሚቆጠረው የኪኒኑ ብዛት ሳይሆን የዋጥሽበት ቀን ነው። አንድ ፍሬም ብትውጪ ቀኗ ተቆጠረች።

የግድግዳ ካላንደር አለሽ አይደል? የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ግማሹን ለማየት ስሌት አያስፈልግም። ካላንደሩን ወጥ ቤት ስቀይው። ራስሽን ያመመሽ ቀን ላይ በእስክሪብቶ ጭረት፣ ኪኒን የዋጥሽበት ቀን ላይ ክብ፣ የወር አበባ ቀን ላይ ነጥብ። ሌላ ምንም አትጻፊ። ብዙ መዝግቡ የተባለ ሰው በሦስተኛው ቀን ይተዋል። አንቺ በጻፍሽልኝ ከሄድን ክቦቹ ከ15 ያልፋሉ። ለዚህ ነው ጠንከር ያለ ኪኒን የማልመርጥልሽ። አሁን ጠንካራ ብጨምርልሽ እሳት ላይ ጭድ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መተው። ቀላል አይደለም፤ አልዋሽሽም። እንደ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ያሉትን በአንዴ ማቆም ይቻላል። ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት ከሆነ ግን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ስታቆሚ ከ2 እስከ 10 ቀን ያህል ይብስብሻል። ያጥወለውላል፤ እንቅልፍ ይነሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተሸንፎ ወደ ቦርሳው የሚመለሰው። ስለዚህ የሂሳብ መዝጊያ ሰሞን አትሞክሪው። የዓመት ፈቃድሽን ጥቂት ቀን ለዚህ አውጪ፤ ባለቤትሽ ልጆቹን ይያዝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ አንዳንዴ እስከ 2 ወር ድረስ፣ ህመሙ እየራቀ ይሄዳል፤ የቀረው ማይግሬን ደግሞ ለመድኃኒት እንደ ድሮው ይታዘዛል።

ይህን ብቻሽን አታድርጊው። ካላንደርሽን ይዘሽ ካርድ አውጪና ሐኪም ፊት ቁጭ በይ። የምትጠይቂው «ማስታገሻ» ሳይሆን «መከላከያ» ነው። መከላከያ በየቀኑ፣ ቢያምሽም ባያምሽም የሚዋጥ ነው፤ ራስ ምታቱ እንዳይመላለስ ያደርጋል። እኛ አገር በቀላሉ የሚገኙት ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ስማቸውን ሰምተው የሚደነግጡ አሉ። ፕሮፕራኖሎል የታዘዘለት ሰው ወረቀቱን ይዞ ተመልሶ «ግፊት የለብኝም፤ ለምን የግፊት መድኃኒት ሰጠኝ?» ይለኛል። አሚትሪፕቲሊን የታዘዘላት ደግሞ «እብድ መሰልኩት እንዴ?» ትላለች። ሁለቱም ለማይግሬን መከላከያነት የታወቁ ናቸው። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ 10 ወይም 25 ሚሊግራም፣ ማታ ይጀመራል፤ እንቅልፍ ያመጣል፤ አፍ ያደርቃል። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አይሰጥም፤ ካለብሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ቫልፕሮኤት የሚባልም አለ፤ ልትወልድ ለምትችል ሴት ግን አይሆንም፤ ጽንስ ይጎዳል። የትኛውም ቢሆን 8 ሳምንት ያህል ሳይሞላው «አልሠራም» አይባልም። ውጤቱም ጨርሶ መጥፋት አይደለም። የጭረቱ ቁጥር በግማሽ ከወረደ መድኃኒቱ ሠርቷል።

ለተነሳበት ቀን ደግሞ የራሱ ዘዴ አለው። ማይግሬን ሲነሳ ሆድ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ዘግይተሽ የዋጥሽው ኪኒን ሆድሽ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ ወይ ታስመልሺዋለሽ። ስለዚህ እንደጀመረ፣ ገና ሳይከርር፣ በሙሉ መጠን ነው የሚወሰደው። ግማሽ ቆርሶ «እስኪ ልየው» ማለት ለማይግሬን አይሠራም። ፓራሲታሞል ከሆነ ለአንድ አዋቂ ሰው ባለ 500ው 2 ፍሬ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ኢቡፕሮፌን ከሆነ 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም እርግዝና ካለ ግን አይነካም። ማስመለሱ ከበረታ ሐኪሙ እንደ ሜቶክሎፕራሚድ ያለ ማስታወክ የሚያስቆም መድኃኒት ሊጨምርልሽ ይችላል፤ እሱ ሆዱንም ሥራ ያስጀምራል። ይህ ሁሉ በሳምንት ከ2 ቀን እንዳያልፍ።

የባልደረባሽን ኪኒን ግን ዛሬውኑ ተዪ። «የማይግሬን ኪኒን» እየተባለ ከእጅ እጅ የሚዞረው ብዙውን ጊዜ ኤርጎታሚን ከካፌይን ጋር ነው። የደም ሥር ያጠብባል። ግፊት ወይም የልብ ህመም ላለበት፣ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እንደ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ካሉ አንቲባዮቲኮች፣ ከአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችም ጋር ሲገናኝ እጅና እግር ደም እስኪያጣ ያደርሳል። እሷን ስላሻላት አንቺን ያሽላል ማለት አይደለም። የእሷን መነፅር አድርገሽ ሂሳብ ትሠሪያለሽ?

ስለ አኗኗርሽ ጥቂት ነገር ጽፈሽልኝ ነበር፤ ለቦታ ስል ከላይ አላወጣሁትም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስ ሳትቀምሺ ሚኒባስ ትይዣለሽ። ሐረጎን በጥምዝምዙ እየወረድሽ ስልክሽን ታያለሽ። ኮምቦልቻ ስትደርሺ ያጥወለውልሻል። ቢሮ 4 ሲኒ ቡና። እሁድ ደግሞ እስከ 4 ሰዓት ተኝተሽ ስትነሺ ራስሽ ተፈልጧል። «ባረፍኩ ቀን ለምን?» ብለሻል።

ለዚሁ ነው። ስሱ አእምሮ መዛነፍ አይወድም። ከዚያ ቅዝቃዜና ጉም ተነስተሽ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ወርደሽ ሙቀት ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ሆድሽ ባዶ ነው፤ መንገዱ ይሾራል። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች መኪና ቶሎ ይይዛቸዋል። ፊት ወንበር ለምኚ፤ ዓይንሽን ሩቅ ጣይ፤ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቺው፣ አሁን ቦታ አለው። ከቤት ስትወጪ ቂጣም ይሁን ቆሎ የሆነ ነገር ቅመሺ። እሁድ ደግሞ እንቅልፉ ብቻ አይደለም፤ ቡናው ነው። በየቀኑ ቡና የለመደ ሰው ከመጨረሻው ሲኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሲያልፍ ራሱን ያመዋል። በአዘቦት 2 ሰዓት ላይ የምትጠጪው እሁድ 5 ሰዓት ሲሆን አእምሮሽ ዕዳውን ይጠይቃል። ለወሎ ሰው ቡና ተዪ አልልም፤ የሚሰማኝም የለም። 2 ሲኒ ይበቃሻል፤ ሰዓቱም እሁድም አዘቦትም አንድ ይሁን። አቦልና ቶናን ጠጥተሽ በረካውን ለጎረቤት ተዪው፤ ሳይነስ ላለችሽ። እጣኑ የሚያነሳብሽ ከሆነ ማጨሻውን በረንዳ ላይ አውጪው። (ጫት ቅሞ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ፣ ሳይበላ አድሮ «ማይግሬን አለብኝ» የሚለኝ ወንድሜም እግረ መንገዱን ይህን ያንብብ።)

ረመዳንን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚከብዱሽ በአንድ ጊዜ ቡናም ውሃም ምግብም እንቅልፍም ስለሚዛባ ነው። ወሩ ከመግባቱ 2 ሳምንት ቀድመሽ ቡናውን በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ሲኒ ቀንሺ። ሱሑር አትዝለዪ፤ ውሃውን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ከፋፍለሽ ጠጪ። መከላከያ ከጀመርሽ ሰዓቱ ከሌሊቱ ጋር እንዲገጥም ሐኪሙን ጠይቂ። እያስመለሰሽ፣ ውሃ አልረጋ እያለሽ በግድ መጾም ግን የለብሽም። ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ቁርኣኑ ራሱ ፈቅዷል። ዝርዝሩን ከምታምኛቸው ኡስታዝ ጋር ተነጋገሪ። ሑዳዴን እስከ ከሰዓት የሚጾሙ አንባቢዎቼም የቡናውን ምክር ይውሰዱት፤ ለአእምሮ ሁለቱም አንድ ነው።

ሲቲ ስካን? ለ15 ዓመት በአንድ ዓይነት መልክ ሲመላለስ የኖረ፣ ሐኪም ዓይንሽን፣ ጉልበትሽን፣ ሚዛንሽን መርምሮ ደህና ያለው ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ ፎቶ አያስፈልገውም። ገንዘብሽን ያዢ። ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል የሚያስኬድ አለ። በሰከንዶች ውስጥ ፈንድቶ በሕይወትሽ አይተሽው የማታውቂ ዓይነት ከሆነ። ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ካለው። እጅ ወይ እግር ከዛለ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ። ከመንቀጥቀጥ ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከጀመረ። ነፍሰ ጡር ላይ ወይም አዲስ በወለደች ላይ ከሆነ። ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ራስ ምታትም፣ ሲስሉ ወይም ሲያጎነብሱ የሚብስም፣ ከሳምንት ሳምንት እየከፋ የሚሄድም መታየት አለበት።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ከራስ ምታቱ በፊት ዓይንሽ ላይ የሚያብረቀርቅ የተጠማዘዘ መስመር፣ ጥቁር ነጥብ፣ ወይም ጣትሽ ላይ ጀምሮ ወደ ከንፈር የሚወጣ መደንዘዝ ከ5 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቆይቶ የሚሄድ ከሆነ «አውራ» ይባላል። ይህ ካለሽ የወሊድ መቆጣጠሪያ ስትወስጂ ለጤና ባለሙያዋ ንገሪያት። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ያለበት የሚዋጠው ዓይነት አውራ ላላት ሴት የስትሮክ አደጋ ስለሚጨምር አይመከርም። በየ3 ወሩ የሚወጋው መርፌ ኤስትሮጅን የለበትም፤ ሌላ አማራጭም አለ።

ባለቤትሽን ሐኪም ቤት ይዘሽው ሂጂ። አንቺ ብትነግሪው ሰበብ የሚመስለው ነገር ከሐኪም አፍ ሲሰማው ሌላ ነው። ካላንደሩን እሱ ይያዘው እንኳ፤ ጭረቱን እየቆጠረ ሲሄድ ራሱ ይገባዋል። አብሽሪ፣ ወንዶች ቁጥር ሲያዩ ያምናሉ።

የሻሹ ነገር። ደም አያግድም። ጠበቅ ማድረጉ ብዙ ሰው ያስታግሳል፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ግንባር ላይ ማድረግም እንዲሁ። የደሴ ውሃ ያለ በረዶም ይበቃል፤ ነክረሽ ጨምቂና ከሻሹ ሥር አድርጊው። መጋረጃውን ዝጊ። ሲለቅሽ ፍቺው፤ ግንባርሽ ላይ መስመር እስኪሰራ ግን አታጥብቂው።